አያቴ የጠረቡት ውልብልቢት

የገንዳ ውሃ ከተማ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ታሪክ መጻፍ ይገባው ይሆን? እጠራጠራለሁ። ከቅርብ ሆኜ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

አያቴ በሞተር ሳይክል ሞተር አውሮፕላን ሠሩ፤ አፍንጫው ላይ እየተሽከረከረ የሚስበውን ውልብልቢትም ግቢያችን ውስጥ ባለው ዳስ ሥር ከእንጨት ጠረቡ። ጎረቤታችን የሰሊጥ ነጋዴው፣ «ጋሼ፣ ውልብልቢቱን ጠመም ያድርጉት እንጂ! በዚህስ አህያ ይቀድምዎታል» ብሎ ሳቀ።

«ይቅደመኝ። አህያ ከመሬት አይነሳም» አሉት። በቆላ ሙቀት አየሩ ይሳሳል፤ በጣም የጠመመ ውልብልቢት ደግሞ ፍጥነት ቢሰጥም ደካማ ሞተር ያፍናል። ስለዚህ ፍጥነቱን ትተው መነሳቱን መረጡ።

ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ አውሮፕላኑን ማሳው ላይ ነዱት። እኔ በደረቴ ተኝቼ በጎማዎቹና በመሬቱ መካከል ብርሃን አየሁ።

ዛሬ እርሳቸው የሉም፤ ዳሱ ሥር እንጨት የሚልግ የለም። ሰዎችም «ጉብታ መትቶ ዘለለ እንጂ አልበረረም» ይላሉ። ይበሉ! በርሯል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት።