«እኔን ምረጡኝ» ማለት ነውር የሆነበት ክፍል

የአሜሪካን መንግሥት አወቃቀር ለስድስት ጎልማሶች ማስተማር ስጀምር አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁንም አስራ ሰባት ነኝ፤ ከተጀመረ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ግን «ነበር» ብሎ መጻፍ ደስ ይላል፤ ትልቅ ሰው ያስመስላል።

ተማሪዎቼ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ እኔ ማትሪክ እንኳ አልተፈተንኩም። ይኼን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች ናቸው፤ ሁሉም ቴምቢሳና ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላቸው። በርቀት የሚያስተምር አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ተመዝግበዋል፤ ኮሌጁ ደግሞ የሥነ ዜጋና የአሜሪካ መንግሥት ትምህርት ሳያልፉ ዲግሪ አይሰጥም። ከደቡብ ኢትዮጵያ ተነስቶ፣ ጆሃንስበርግ ተቀምጦ፣ የአሜሪካን ሴኔት ማጥናት ምን ይረባል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ያስተምራቸው የነበረው አንድ የኛ ሐኪም ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እንግሊዝኛውን አነብለት ነበር። ሐኪሙ ሥራ አግኝቶ ኬፕ ታውን ሲሄድ መጽሐፉ እኔ እጅ ቀረ። በሚቀጥለው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፎርድስበርግ የምንከራየው አዳራሽ ጓዳ ውስጥ ብገባ ስድስቱም ደብተራቸውን ዘርግተው እኔን ያያሉ። ሌላ ሰው የሚመጣ አይመስልም። ማርከሩን አነሳሁ።

የምናወራው በአማርኛ ነው። የማንኛችንም የቤት ቋንቋ አይደለም፤ ግን ሁላችንም እኩል ስለምንሳሳት ማንም በማንም አይስቅም። የሥልጣን ክፍፍልን ሳስተምር፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚወስነውም፣ የሚሸጠውም፣ ጠብ ሲነሳ የሚዳኘውም አንድ ሰው ቢሆን ምን ይፈጠራል ብዬ ጠየቅኳቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ሌሎቹም ጋሼ የሚሉት፣ «የኔ ሱቅ ይፈጠራላ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ምዕራፍ ማንም አልረሳውም።

ምርጫ የሚለው ምዕራፍ ስድስት ላይ ስንደርስ ግን ተያዝን። የክፍል ተጠሪ እንምረጥ፣ አሜሪካኖቹ እንደሚያደርጉት ይሁን፣ መመረጥ የሚፈልግ ተነስቶ ከሌሎቹ ለምን እንደሚሻል ይናገር አልኳቸው። ማንም አልተነሳም። አንዱ ጎረቤቱን ጠቆመ። ጎረቤቱ «እሱ ቁጭ ብሎ እኔ?» ብሎ ሌላውን ጠቆመ። ሌላው ደግሞ ጋሼን። ጋሼ መልሶ የመጀመሪያውን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተለማመንን። ሁሉም ተጠቁሞ ሁሉም እምቢ አለ።

በመጨረሻ ጋሼ መነጽሩን አውልቆ፣ «ቆይ አንቺ ልጅ፣ ይኼ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ራሱ ተነስቶ ነው እኔ እሻላለሁ የሚለው? ማንም ሳይለምነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እናቱ አትሰማም?»

እስከ ቤት ድረስ ታክሲ ውስጥ ሳቅኩ። እኔ እዚህ ያደግኩ ነኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር እኔን አይነካኝም ብዬ። ጉዴን አላወቅኩም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አስጠሩኝ። ሦስት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ትልቁ፣ አባባ የምንላቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጅ ሆኜ ጭናቸው ላይ ተኝቼ ስብከት የሰማሁባቸው ሰው ናቸው። ጎበዝ እንደሆንኩ፣ ግን ኮሌጅ የገባን ሰው በተማሪ ልጅ ማስተማር ለሰሚ ግራ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ፣ ትምህርቱን መቀጠል እችል እንደሆነ ጠየቁኝ።

እንደምችል አውቃለሁ። እንደምፈልግም አውቃለሁ። አንገቴን ደፍቼ ያልኩት ግን ይኼን ነው፤ «እኔ ገና ልጅ ነኝ አባባ፤ ከኔ የተሻለ ሰው ካለ…»

እንዲህ ሲባል ሌላው «አይ፣ አንቺው ነሽ» ይላል። ደግሞ እምቢ ይባላል፣ ደግሞ ይለመናል፣ በሦስተኛው እሺ ይባላል። እናቴ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልኝ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ። አባባ ግን አልለመኑኝም። «ትሕትና ማለት ይኼ ነው» ብለው ባረኩኝና ደብተራቸውን ከደኑ። ክፍሌ ቢሮ ለሚሠራ አንድ ወንድም ተሰጠ።

ሰውየው ጨዋ ነው፤ መጽሐፉን ግን ገልጦ አያውቅም። በሚቀጥለው እሁድ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ያነባል። ስድስቱም ደብተራቸውን ከድነዋል። ፈተናቸው ሁለት ወር ቀርቶታል።

ታክሲ ውስጥ ለእናቴ ማስተማር እንደምፈልግ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን አላልሽም?» አለችኝ። እሷ! እሺ ከማለት በፊት ሁለት ጊዜ እምቢ በይ ብላ ያሳደገችኝ። 

በወሩ መጨረሻ የምእመናን ስብሰባ ነበር። አባባ የተወሰነውን ሁሉ ያነባሉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ «የሚቃወም አለ?» ይላሉ። ማንም ተቃውሞ አያውቅም። ጥያቄው ሲጠየቅ ሰው ካፖርቱን መልበስ ይጀምራል፣ እስከዚህ ድረስ። የክፍሉ ጉዳይ ሲነበብ እጄን አወጣሁ። አባባ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ፈልጌ መሰላቸው።

ተነሳሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

«እኔ እቃወማለሁ። ያን ቀን ልጅ ነኝ ያልኩት ለወጉ ነው። ክፍሉን እፈልገዋለሁ። ለዚህ ትምህርት ከኔ የሚሻል እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። እኔን ምረጡኝ።»

ከኋላ አንዲት እናት «ውይ» አለች። የኔ እናት ቦርሳዋ ውስጥ ምንም ያልጠፋባትን ነገር መፈለግ ጀመረች።

«ልጄ፣ ይኼን ከየት ተማርሽው?» አሉ አባባ።

«ምዕራፍ ስድስት ላይ ነው፣ አባባ።»

አንዱ ሳቁን ማፈን አልቻለም፤ ጋሼ ነው። ተነሳና፣ የሚማሩት እነሱ ስለሆኑ የሚመርጡትም እነሱ ይሁኑ አለ። አባባ ትንሽ አሰቡና፣ እሺ፣ ስድስታችሁ እጅ አውጡ አሉ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ነበረብኝ፤ አልተቀመጥኩም። እጅ አይሆንም፣ በወረቀት ይሁን አልኩ። አባባ ፊት ለፊት ቆመው እያዩ ማን እጁን ያወጣል?

ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ፣ ስድስት ቦታ። ወረቀቶቹ መባ በሚሰበሰብበት ከረጢት ውስጥ ገቡ። የቆጠሩት ራሳቸው አባባ ናቸው፤ አንድ በአንድ እየዘረጉ፣ ጮክ ብለው። አራት ለኔ፣ ሁለት ለቢሮው ወንድም። ከረጢቱን አጥፈው፣ «እንግዲህ ተመርጠሻል» አሉኝ። ባረኩኝ አልልም። አልተቆጡምም። አሁን ሲያገኙኝ «መምህርት» ይሉኛል፤ አባባሉ ውስጥ ምን እንዳለ ገና አጣርቼ አልጨረስኩም።

ሁለቱ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። በየሳምንቱ ስድስቱንም ፊት እያየሁ እገምታለሁ። መጠየቅ አልችልም፤ በወረቀት ይሁን ያልኩት እኔው ነኝ። ይበላኛል ግን።

በተመለስኩበት እሁድ ምዕራፍ ስድስትን እንደገና ከፈትኩና ለተጠሪነት የሚወዳደር ካለ ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ። «እኔ እሻላለሁ» አለ፤ ወደ በሩ አየት አድርጎ። ከዚያ አጠገቡ ያለው ተነሳ። ከዚያ ሌላው። ስድስቱም ቆሙ። ወረቀት አደልኩ፣ ሰበሰብኩ፣ ቆጠርኩ።

ስድስት እጩ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ።

የተጠሪው ወንበር አሁንም ባዶ ነው። እንደገና እንመርጣለን ብያቸዋለሁ፤ ማንም ግን ከውድድሩ አልወጣም።