ደረታቸውን ያዋሱን መምህር

በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ለምትገኙ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሚያውቋቸው ሁሉ። መምህር በለጠ ባለፈው ረቡዕ ማለዳ፣ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር በተከራዩዋት ክፍል፣ ልባቸው ደክሞ ዐርፈዋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀብረናቸዋል። በቀብሩ ላይ የነበራችሁ ለምን አንገቴን ደፍቼ እንደቆምኩ አትጠይቁኝም፤ እናንተም ደፍታችሁ ነበርና። ይህን የምጽፈው ያልመጣችሁትም እንድታውቁት ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሰላማዊት እባላለሁ። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ለሥራ መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔም የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ ነው። መምህር በለጠ በነርሶች ኮሌጃችን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነትን አካላትና አሠራራቸውን፣ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። መጀመሪያ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ኋላ ደግሞ እዚያው ረዳታቸው ሆንኩ። ክፍል ውስጥ በፈረንሳይኛው አጠራር «ሙሴ በለጠ»፣ አቶ በለጠ እንደማለት፣ እንላቸው ነበር። ከክፍል ስንወጣ ለእኛ ለሐበሾቹ «ጋሼ» ነበሩ።

ከእሳቸው የተማራችሁ እንደምታስታውሱት፣ ኮሌጃችን አስከሬን የሚጠናበት ክፍል የለውም። ያለን አንድ የፕላስቲክ አጽም ነው፤ እሱም የግራ መዳፉ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ጋሼ ነጩን ጋዋናቸውን አውልቀው በስስ ካናቴራ ጠረጴዛው ላይ ይጋደሙና «በሉ፣ መጽሐፉ ይኸውላችሁ» ይሉን ነበር። ጎድኖቻቸውን በጣታችን ቆጥረናል። ትንፋሽ ሲስቡ የጉበታቸው ጠርዝ ወርዶ ጣታችንን እስኪነካ ጠብቀናል። የሳንባቸውን ወሰን በሰማያዊ ብዕር ካናቴራቸው ላይ ስለናል። ወንድ መንካት የሚከብዳቸው ልጃገረዶች ወደ ኋላ ሲሉ ካዩ አይቆጡም። «ማፈርሽን አልነካብሽም ልጄ፤ በፎጣው ላይ ሆነሽ ፈልጊው። ጉበቱ እንደሆነ የትም አይሄድም» ብለው ሆዳቸው ላይ ፎጣ ይደርቡላቸው ነበር።

ቀልዳቸውም ትምህርት ነበር። ስለ ኩላሊት ሊያስተምሩ የገቡ ቀን መጽሐፉን ከፍተን ስንጠብቃቸው፣ «ዝጉት። ጅቡቲ ውስጥ ኩላሊትን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ውሃ ሳትጠጡ ዋሉና ኩላሊታችሁ ራሱ ያስረዳችኋል» አሉን። ከዚያ ግን መብራት ጠፍቶ ቫንቲላተሩ በቆመበት ሙቀት ውስጥ፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፣ አንዲት የውሃ ጠብታ በኩላሊት ውስጥ የምትሄድበትን መንገድ ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ አስረዱን። አንድ ተማሪ እንኳ አላንቀላፋም።

ከሁሉ የሚበልጠው የልብ ትምህርታቸው ነበር። ጤነኛ ልብ ሁለት ድምፅ አለው፤ በውስጡ ያሉት በሮች ሲዘጉ የሚሰማ ነው። እሱን እርስ በርሳችን ከተደማመጥን በኋላ የእሳቸው ተራ ይደርሳል። ማዳመጫውን ከግራ ጡታቸው በታች ስናሳርፍ፣ በሁለቱ ድምፆች መካከል በደንብ ካልተዘጋ ቧንቧ እንደሚያመልጥ ውሃ ‹ሽሽ› የሚል ድምፅ እንሰማለን። በፈረንሳይኛ «ሱፍል» ይባላል። ልጅ ሳሉ ጉሮሯቸውን ታመው፣ ሕመሙ ውሎ አድሮ አንዱን የልባቸውን በር እንዳበላሸባቸው ባጭሩ ይነግሩንና ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ። «በሩ አይገጥምም፤ ደሙ ወደ ኋላ ያመልጣል። ልብ ያንን ለማካካስ ይሰፋል። ሲሰፋ ደግሞ በሩ ጭራሽ አይገጥምም» ይሉናል። እኛም ይህንን በደብተራችን እንጽፋለን።

ተራ በተራ እየቀረብን «ሙሴ፣ ተሰማኝ» እንላለን። ያልሰማ ተማሪ ካለ እስኪሰማ ድረስ ደረታቸውን ሰጥተው ይጠብቁታል። ሥራ ከጀመርን በኋላም ቢሆን፣ ሐኪም ፊት ቆመን የታማሚ ልብ ስናዳምጥ «የሙሴ በለጠ ዓይነት ነው» መባባል ልማዳችን ሆነ። እኔ ራሴ በዚህ አንድ ጊዜ ተመስግኜበታለሁ፤ ታሪኩንም በየግብዣው ሳወራው ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ረዳታቸው ከሆንኩ ወዲህ ያንን ድምፅ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። ከዓመት ዓመት እየጎላ መጣ። በፊት ጸጥ ባለ ክፍል ትንፋሻችንን ይዘን የምንፈልገው ድምፅ፣ ዘንድሮ በር ተከፍቶ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየተንጫጫ ይሰማ ነበር። እኔም ለአዲሶቹ ተማሪዎች «ዕድለኞች ናችሁ፤ ዘንድሮ ደህና አድርጎ ይሰማል» አልኳቸው። ይህን ያልኩት እሳቸው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተጋድመው ነው። ፈገግ አሉልኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ እየጎላ የመጣ ሱፍል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ደረቱን ከፍቶ ተጋድሟል።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባላል። እኛም እንዲያው ነበርን። ሕመማቸው የትምህርት ክፍላችን ዕቃ ሆኖ ነበር።

እሳቸው ግን ሰውን እንደዚያ አልያዙም። አርብ አርብ ወደ የመን ለመሻገር ተራ የሚጠብቁ ከአገር ቤት የመጡ ልጆች ወደሚጠለሉበት፣ ካርቲየ 7 ቢስ ወደሚባለው ሰፈር ፋሻና አዮዲን አስይዘው ይወስዱን ነበር። በረሃውን በእግር ያቋረጡ ናቸው፤ እግራቸው ያስፈራል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እግሯን በሻርፗ ሸፍና ከግድግዳ ተጠግታ ተቀምጣለች። እኔ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቁጭ አልኩና ሻርፑን ገልጬ እግሯን አነሳሁት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ጋሼ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ተይ፤ እግሩ ባለቤት አለው» አሉኝ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ስምሽ ማነው እናቴ? ከወዴት ነሽ? እናትሽ አሉ?» እያሉ ቆዩ። ልጅቷም በመጨረሻ እግሯን በራሷ እጅ አውጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ ታማሚን ሳልጠይቅ አልነካም፤ ለተማሪዎቼም ይህንኑ አስተምራለሁ። ያስተማሩኝን ሰው ግን ምንም ሳልጠይቅ ዓመታት ነካኋቸው።

ረቡዕ ዕለት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ነበራቸው። ሲቀሩ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ፤ የእኔ ክፍለ ጊዜ ሊገፋ ነው ብዬ። በኋላ አከራያቸው ወይዘሮ ሐዋ ወደ ኮሌጁ ደወሉ።

ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነጭ ለብሰን ተሰበሰብን። ያስተማሯቸው ሶማሌዎችና አፋሮችም መጥተው በጥላው በኩል ቆመዋል። ካህኑ ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኛ ቀረቡና «የክርስትና ስማቸውን ንገሩኝ» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን።

«በለጠ የዓለም ስማቸው ነው። በጸሎቱ የምጠራቸው በክርስትና ስማቸው ነው» አሉ ካህኑ፣ ያልገባን መስሏቸው።

ሙሉጌታ፣ ከእኔ ጋር የተማረው፣ አሁን ለሕክምና ወደ ውጭ የሚላኩ የልብ ታማሚዎችን ጉዳይ የሚከታተለው፣ «አባ፣ እኛ ተማሪዎቻቸው ነን» አለ።

«እሱንማ አየሁ። ብዙ ናችሁ። የእናታቸውን ስም የሚያውቅስ የለም? ከወዴት እንደሆኑስ?»

«ድሬዳዋ መሰለኝ» አለ አንዱ ከኋላ።

ከመካከላችን የጉበታቸውን ጠርዝ ዓይኑን ጨፍኖ የማያገኝ አልነበረም። ልባቸው ወደ ግራ ምን ያህል እንደሰፋ በጣት እናሳያለን። ለነፍሳቸው የሚጸለይበትን ስም ግን አናውቅም። ካህኑ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሂዱና ቤታቸው ጠይቁ፤ እንጠብቃለን» አሉ። አስከሬናቸው ግቢው ውስጥ ሆኖ፣ ሰዉ በፀሐይ ቆሞ፣ እኔና ሙሉጌታ በታክሲ ወደ ካርቲየ 5 ሄድን።

ክፍላቸውን ከዚያ በፊት አንዳችንም ረግጠናት አናውቅም። አልጋው ላይ ትራሶች ተደራርበው ከግድግዳው ጋር ተደግፈዋል። የሶፋ መከዳም ጨምረውበታል። ልቡ የደከመ ሰው በጀርባው ጋደም ካለ ሳንባው ውሃ ይቋጥርና ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ቁጭ እንዳለ ያንቀላፋል። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ሙሉጌታ አልጋውን አይቶ «ተቀምጠው ነው ሲያድሩ የኖሩት» አለ። ከዚያም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «በየሳምንቱ የሰው ፋይል እልካለሁ እኮ፣ ሰላም። በየሳምንቱ» አለኝ። 

ወይዘሮ ሐዋ ሶማሌ ናቸው፤ አማርኛቸው የገበያ ነው። የምንፈልገውን ስነግራቸው ስልካቸውን አወጡ። «እህቱ ድሬዳዋ አለች፤ ቁጥሯ እኔ ጋር ነው። ትናንት መሞቱን ነግሬያታለሁ» አሉ። እንዴት ቁጥሩን ሊያገኙ እንደቻሉ ጠየቅኋቸው።

«ጠየቅኩታ። ሲያስለው በግድግዳው ይሰማኛል። ‹አንተ፣ ሰው የለህም ወይ?› አልኩት፤ ሰጠኝ።»

እዚያው ደወልን። እህታቸው ወይዘሮ አልማዝ ድምፃቸው ከልቅሶ የተነሳ ተዘግቷል። «ወልደ ገብርኤል ነው። እናታችን ቁልቢ ተስላ ነው የወለደችው» አሉኝ። «እግሬ እምቢ አለኝ እንጂ በባቡሩ ተሳፍሬ ናጋድ ጣቢያ እወርድ ነበር። አንቺ ማነሽ ልጄ?»

«ሰላማዊት እባላለሁ። ተማሪያቸው ነኝ።»

«ሰላማዊት? እናትሽ ተሻላቸው?»

እናቴ ታማ ነበር፤ ከዳነች ቆየች። ለጋሼ አንድ ቀን ፈቃድ ስጠይቅ ብቻ ነበር የነገርኳቸው። «ተሽሏታል፣ እማማ» አልኩ።

«እሰይ። እሱ ስለእናንተ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ስለ ልቡ ስጨነቅበት ‹ምን ያስጨንቅሻል፣ በነርስ ተከብቤ› ይለኛል። መድኃኒቱን የምትሰጡት፣ የምትከታተሉት እናንተ ነበራችሁ አይደል?»

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው።

ሙሉጌታ ቀና ብሎ አየኝ።  ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሰን ስሙን ለካህኑ ሰጠን፤ ፍትሐቱ ተፈታ፤ ቀብሩም ተፈጸመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከመቃብሩ ስንመለስ ሁላችንም አፍ አወጣን። አንዱ የከንፈራቸውን መጥቆር፣ አንዷ የእግራቸውን ማበጥ፣ ሌላው ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው ወሬ የሚጀምሩት ለምን እንደነበር ተናገረ። ሁሉም ትክክል ነበር። በፈተና ላይ ቢሆን ሁላችንም እናልፍ ነበር።

ጋሼ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፍራለሁ፤ ምክንያቱም ይቅር ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። የፊታችን እሑድ ጠዋት፣ የጅቡቲ የሥራ ሳምንት ሲጀምር፣ በእርስዎ ቦታ እቆማለሁ። ትምህርቱ የልብ ነው። ተማሪዎቹ የሚያዳምጡት ደረት ይጠይቁኛል፤ የእኔ ደግሞ ጤነኛ ስለሆነ ከሁለት ድምፅ ሌላ የሚያሰማቸው የለውም። ሱፍልን ከስልክ በተቀዳ ድምፅ አሰማቸዋለሁ። ያ ድምፅ በደረትዎ እንደነበረ፣ ስምዎ ማን እንደነበር፣ ከወዴት እንደመጡ፣ ማን እንደነበርዎ ሳልነግራቸው አንድ ቃል እንዳይጽፉ አዛለሁ።

ለእህትዎ የዋሸሁትን ትናንት ደውዬ አቃናሁት። መድኃኒት እንዳልሰጠንዎ፣ እንዳልተከታተልንዎ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደሩ ብለን የምር እንዳልጠየቅንዎ ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እኔኑ ለማጽናናት «እሱም ዝምተኛ ነው፤ አልነገራችሁ ይሆናላ» አሉኝ።

ደህና ይሁኑ ጋሼ፤ አሁን እንኳ ጋደም ብለው ይረፉ። እህትዎ ደግ ናቸው እንጂ፣ እርስዎስ ነግረውን ነበር። በየዓመቱ፣ ማዳመጫውን በእጅዎ ደረትዎ ላይ ይዘው፣ ሁላችንም እስክንሰማ ድረስ ነግረውናል።