ለሰማንያ ሦስት ቀን ሲቀር

የቁጥሩ ምስጢር የገባው ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ገባው ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ የአርባውንም የሰማንያውንም ምስጢር ጠንቅቄ አውቅ ነበር፤ ከመጽሐፉ ግን ጠብ ያለልኝ ነገር አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ከስልኩ እያነበበ ለጓደኛው ያስረዳ ነበር። ሦስት ሥላሴ፣ ሰባት ፍጹምነት፣ አርባ ፈተና። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ አወቅሁት፤ የራሴ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰን ሙቀቱ እስኪቀበለን ድረስ ጭጋጉን እያየሁ ያልሰማ መሰልኩ። የምሄደው ለእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር።

በሃያ ዓመቴ፣ ደሴ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ በቁጥር የሚረታኝ አልነበረም። ጴጥሮስ መረቡን ሲጎትት ስንት ዓሣ ወጣ? ጥያቄው ሳያልቅ "መቶ ሃምሳ ሦስት!" እላለሁ፤ ይጨበጨብልኛል። ያን ጠዋት ማን ርቦት እንደነበር የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ያን ክረምት ታላቅ እህቴ አስካለ ኮምቦልቻ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይውላል፤ እንድላላክላት ወረድኩ። የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው ኮምቦልቻ ሌላ አገር ነው፤ ዝናቡ እንኳን ለብ ያለ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ የበሰለ ዘይቱን ይሸታል። ለአራስ ጠያቂ የተዘጋጀውን ጭኮ አብዛኛውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሕፃኗ በሰባ አራተኛ ቀኗ ትኩሳት ያዛት። ሐኪም አይቶ መድኃኒት ሰጣት፤ ግን ጡት መጥባት አቃታት። ወደ ማታ አስካለ ልጇን እንደታቀፈች፣

"ሂድና ቄሱን ጥራልኝ፤ ሳትጠመቅ እንዳትሄድብኝ" አለችኝ።

እሷ ራሷ መሄድ አትችልም። ሴት የወለደች እናት ሰማንያው እስኪሞላ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አትረግጥም። የነበራት እግር የእኔ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ ተቀምጬ አስተማርኳት! አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ የሚጠመቁትም ስለዚህ ነው አልኳት። "ሥርዓት አይጣስም፣ እታለም። ስድስት ቀን ነው እኮ የቀራት።"

የግቢው ጎረቤት እማማ ከድጃ አጥሚት ይዘው በሩ ላይ ቆመው ይሰሙኛል።

"አንተ ልጅ፣ ልትላላክ ነው ልትቆጥር የመጣኸው?"

"እማማ፣ ይሄ የእኛ ሃይማኖት ነው፤ እርስዎ አያውቁትም።"

"የእናንተን አላውቅም። ወላሂ፣ የታመመ ልጅ ግን አውቃለሁ። ዘጠኝ ወልጃለሁ። በል እስቲ፣ የዘጠኝን ፍታልኝ!"

ሳቅሁ። አስካለ አልሳቀችም፤ ግን አመነችኝ። ከቤታችን የተማርኩት እኔ ነበርኩ።

ሕፃኗ በሰባ ሰባተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሞተች። ሁለት ሰባት ጎን ለጎን፤ እንደ እኔ ትምህርት ከሆነ ሁለት ጊዜ ፍጹምነት መሆኑ ነው። ሳትጠመቅ ስለሞተች ፍትሐት አልተደረሰላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበርናት። ጉድጓዱን የቆፈሩት የእማማ ከድጃ ልጆች ናቸው።

የመቀበሪያውን ቦታ ያሳዩኝ ቄስ ስመለስ ጠሩኝና፣ "ታማ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

"ሦስት ቀን፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምነው አልጠራችሁኝም? ለታመመ ሕፃን ቀን አይቆጠርም እኮ። በተወለደ ማግሥትም ቢሆን እናጠምቃለን።"

ይህን ለአስካለ አልነገርኳትም። ልጅቷን ጥምቀቱ ከሞት ያተርፋት ነበር አልልም። እህቴ የለመነችው ግን ያንን አልነበረም፤ ልጇ በክርስትና ስም እንድትሸኝላት ነበር የለመነችኝ። ሥርዓቱ ከለከለኝ ብላ እንድታስብ ተውኳት፤ የከለከልኳት ግን እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ መጻሕፍት አነበብኩ፤ በብዙ ሊቃውንት ላይ በጽሑፎቼ አፌዝኩ፤ ስለ ቁጥር ግን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም።

የቅዳሜዋ ሕፃን ጤነኛ ናት፤ ሰማንያዋን ሞልታ እሪ እያለች ተጠመቀች። እንግዳው ሲበተን አስካለ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ትቆርስ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ቄሱ ያሉኝን ነገርኳት። ቢላዋው አልቆመም።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ያኔውኑ ነግረውኛል።"

"ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ?"

"እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ።"

ከዳቦው ቆርሳ ሰጠችኝ፤ በላሁ። ስንት ዓመት እንደጠበቀችኝ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ምንም ምስጢር የለውም።

አንተም አንባቢ፣ እንዲህ ያለ የደበቅከው ነገር ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠህ ተነሥ፤ ሂድና ንገራቸው። ዛሬውኑ። ቀን አትቁጠር።