ችግኞቿን ከበሽተኛ ዛፍ ሥር የምታሳድገው ስሜነሽ

የስሜነሽ አንድ ቀን ይህን ያስወጣታል፦ ከወንዝ ስምንት ጀሪካን ውኃ፣ ለባጃጅ ላለመክፈል እስከ ቆሰበር ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ፣ የሃያ የሠላሳ ችግኝ ሞት፣ በትንሹም የአምስት ሰው ፌዝ። ውኃውና መንገዱ ያደክሟታል። የችግኙን ሞት ራሷ ፈልጋ ነው የምታመጣው። ፌዙን ደግሞ ከነወለዱ ትመልሳለች፤ በአገውኛ ትጀምርና ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ ትጨርሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአካባቢው ሰው ማሳውን ዲከረንስ በሚባለው የከሰል ዛፍ ሞላው። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፣ ይከሰላል፣ ጎጆው ቆርቆሮ ይለብሳል። ከዚያ ዋግ መጣ። ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ብናኝ ለበሰ፣ ቅርንጫፉ አበጠ፣ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ደረቀ። ስሜነሽ ከባሏ ታናሽ ወንድም ከወገኔ ጋር የምትካፈለው ማሳም አልተረፈ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሀይማኖት የምትባለው ልጇ ትምህርት ቤት መዋሏ በዚያ ማሳ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዛፍ ሰባት ብቻ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ።

እንግዲህ የአገሩን ብልህነት ስሙ። የታመመ እንጨት ከሰሉ ክብደት የለውም፣ ነጋዴ ይንቀዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ሳይታመም እንድረስበት» እያለ ጤነኛውን እየመረጠ ጣለው። በሽተኛው ቆሞ ቀረና የዘር አባት ሆነ። ከመንጋው ምርጡን ኮርማ አርዶ ከሲታውን ለዘር የሚያስቀር ገበሬ ቢያዩ እጁን ይዘው ጠበል ይወስዱት ነበር። በዛፍ ሲሆን ግን ብልሃት ተባለ።

ስሜነሽ ሰባቱ እንዳይነኩ አለች። ፍሬያቸውን ለቅማ፣ ዘሩን በፈላ ውኃ ነክራ፣ አንድ ሺህ ችግኝ አበቀለች። የችግኝ መደቡን የሠራችው ታዲያ የዋጉ ብናኝ እንደ ዱቄት ከሚረግፍባቸው ዛፎች ሥር ነው። መድኃኒት አልረጨችም። ይኸነው የሚባል ጎረቤቷ፣ «ሴትዮዋ አራስ ልጅ ኩፍኝ ያለበት ቤት የምታስተኛ ናት» እያለ በየጠላ ቤቱ አወራ። እሱ ራሱ ከሩቅ፣ ንጹሕ ቦታ ተቀማጥሎ ያደገ ችግኝ ገዝቶ ተከለ። ዓመት ሳይሞላው ደረቀበት። ያም ሆኖ አላፈረም፤ «ግድ የለም፣ ዛፉ ቀስ በቀስ በሽታውን ይለምደዋል» አላት።

«ዛፍ ምን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የሚለምድ?» አለችው። «ማንም አልለመደም። ያልቻለው ሞተ። የቻለው ሲበቅልም ይችል ነበር፤ አሁን የሚወልደው እሱ ነው። ከአንድ ፍሬ የወጣ ሁሉ አንድ አይደለም። አንተና እህትህስ ከአንድ እናት አይደላችሁም? እሷ ባለሙያ፣ አንተ የጠላ ቤት ምሰሶ።»

ከሺው ችግኝ መቶ ስልሳው አረንጓዴ እንደሆነ ቆመ። የቀረውን ዋጉ እንደ ሰፌድ አበጥሮ ጣለላት።

አንድ ቀን ዳንግላ ገበያ ውላ ስትመለስ የመጥረቢያ ድምፅ ከማሳው ሰማች። ወገኔ ከከሰል ነጋዴ ጋር ተስማምቶ ከሰባቱ አራቱን ጥሏል። አምስተኛውን ሊጀምር ነው።

«እትዬ፣ ሳይደርቅ ብዬ እኮ ነው» አላት ላቡን እየጠረገ።

«ዋግ ሦስት ዓመት ታግሎ ያልቻላቸውን አንተ በአንድ ጠዋት ጨረስሃቸው» አለችው። «ዋጉ ከአንተ ይሻላል። እሱ እንኳ ደካማውን መርጦ ነው የሚጥል።»

ወገኔ ዓይኑን ከእሷ ሲያሸሽ መደቡ ላይ አረፈ፦ ከላይ ያለው ዛፍ እየረገፈ፣ ከሥሩ ያለው ችግኝ ለምለም። ይህን መደብ በየቀኑ ያልፈዋል፤ ቆሞ ያየው ግን ያን ቀን ነው። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አደረገና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «አርባ ያህሉን ለእኔ ይያዙልኝ» አላት። ያዘችለት። ስድቡን ግን አላነሣችለትም።

አሁን ሦስት ዛፍ ቀርቷታል፤ ይህ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳታል። ዋጉም እንደ ዛፉ ይወልዳል፤ የእሱም ልጆች አንድ አይደሉም። ነገ ከዋጉ ልጆች መካከል እነዚህን ሦስት ዛፎችና ችግኞቹን የሚያሸንፍ አንድ ቢወጣ፣ ማሳው እንደገና ባዶ፣ ሀይማኖትም ከትምህርት ገበታ ውጭ። በሌላ ቦታ ዋጉን ችሎ ከቆመ ዛፍ ሌላ ዘር ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ስሜነሽ ይህን የምታነቡትን ትለምናችኋለች። በማሳችሁ ከደረቁት መካከል አንድ አረንጓዴ ቆሞ ካያችሁ፣ ፍሬው ጠቁሮ እስኪሰነጠቅ ድረስ መጥረቢያችሁን ከቤት አስቀሩት። ከዚያ አንድ እፍኝ ዘር በጨርቅ ቋጥራችሁ፣ የየት መንደር እንደሆነ ነግራችሁ፣ ለቆሰበር ሚኒባስ ረዳት ስጡላት፤ መናኸሪያ ወርዳ ትቀበላለች። ከዚያ በኋላ ዛፉን ብትቆርጡት አትከለክልም። ብልህነታችሁን ታውቀዋለች።