ክትባቱ በጨፋ ሮቢት በር ላይ ሲያልፍ

ሰኞ፣ ከላምበረት መናኸሪያ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሦስት ኮምፒውተሮች በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሉን አይቶ «ሕፃን ነው እንዴ?» አለኝ። «ከሕፃን ይብሳል» ስለው ለጭነት ሠላሳ ብር ጠየቀኝ።

የጉዞዬ ጉዳይ ይህ ነበር። ከሚሴ፣ ጨፋ ሮቢትና ሰንበቴ ውስጥ የከብት መድኃኒትና ክትባት መጋዘኖች አሉ። እኔ ደግሞ ሦስቱን በአንድ የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንዳስተሳስር ተልኬአለሁ። የሠራሁት መዋቅር ቀላል ነው፤ ከሚሴ ዋና መጋዘን፣ ሁለቱ ከሥሩ ቅርንጫፎች። ክትባት ከዋናው ወደ ቅርንጫፍ ይወርዳል፤ የተረፈ ወደ ዋናው ይመለሳል። ሌላ መንገድ የለም። ዕቃ በየአቅጣጫው ሲሄድ ነው የሚጠፋው ብዬ አምን ነበር። የመዋቅሩን ስዕል ስጨርስ ኮራሁበት፤ የኮራሁበትን ነገር ደግሞ ሰው ሲነካብኝ አልወድም።

ደብረ ሲና ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ቆሎ ገዛን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራብ ያላወለቀ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሰንበቴ ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ሰንበቴ

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ሰይድ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁልፋቸውን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ መጋዘን ክትባት በቃል ብቻ ሰጥተው፣ ተቀባዩ አልተቀበልኩም ብሎ ስድስት ወር ሲጠየቁ ከርመዋል።

«ወላሂ፣ ይኼ ማሽን ከጉድለት የሚያድነኝ ከሆነ ሳሎኔ ውስጥ ነው የማስቀምጠው» አሉኝ።

«ከማሽኑ ውጪ አንድ ጠርሙስ እንዳያወጡ እንጂ ያድንዎታል» አልኳቸው።

ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማታ የግመል ወተት ጋበዙኝ፤ አንዱ ብርጭቆ አምስት ብር ነው፤ ሁለት ጠጣሁ፤ ሆዴ እስከ ንጋት ድረስ ተቆጣ።

ረቡዕ፣ ከሚሴ

በሚኒባስ በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በጨፋ ሮቢት በኩል አልፌ ከሚሴ ገባሁ። አለፍኩ ስል ሹፌሩ ነግሮኝ ነው፤ እኔ እስክደርስ ተኝቼ ነበር። ዋናውን ኮምፒውተር ከመጋዘኑ ማቀዝቀዣ አጠገብ ተከልኩ። መዋቅሩ የሚለወጠው ከዚህ ኮምፒውተር ብቻ እንዲሆን አደረግኩ፤ ማንም እየተነሳ እንዳይነካካው። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ፤ ሥራው አለቀ ብዬ ተደሰትኩ።

ሐሙስ፣ ጨፋ ሮቢት

የጨፋ ሮቢቷ ኃላፊ ዘሀራ ፈጣን ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፕሮግራሙን ለመደችና ጥያቄ አመጣች።

«ለሰንበቴ ክትባት ቢተርፋቸው፣ እኔ ደግሞ ቢያልቅብኝስ?»

«ወደ ከሚሴ ይመልሱታል። ከከሚሴ ላንቺ ይላካል።»

ሳቀች። «ወንድሜ፣ የሰንበቴ መኪና ከሚሴ የሚሄደው በዚህ በር ላይ ነው እኮ! አልፎኝ ሄዶ ተመልሶ ሊመጣ?»

«ፕሮግራሙ መንገድ አያውቅም» አልኳት። እንዲህ ማለቴ አሁን ያሳፍረኛል።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። አባባ ሁሴን የሚባሉ ከብት አርቢ ናቸው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ አባባ?» አለች ዘሀራ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ደህናስ አይደለም፤ ትናንት ማታ በሬ ሞተብን። አባ ሰንጋ ነው ብሎናል ሐኪሙ። አራት ቤት ከብታችንን በረት ዘግተን ይዘናል። ግን ውሃ ሳይጠጡ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚችሉት። ከዚያ ካለቀቅናቸው በጥም ያልቃሉ።»

ጣጣው ይህ ነው። ከብቱ ሳይከተብ ከተለቀቀ ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ረግረግ ይገባል፤ ከሌላው መንጋ ይቀላቀላል፤ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። የዘሀራ ማቀዝቀዣ ባዶ ነው። ከሚሴም አልቋል። ሰንበቴ ግን ሃያ ጠርሙስ አለ።

ዘሀራ ደወለች፤ አቶ ሰይድ ስልኩን ወዲያው አነሱ። «አለኝ፤ ግን ማሽኑን ወደ ጨፋ ስለው እምቢ አለ። ከሚሴ ብቻ ነው የሚለኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። «በእጅ ወረቀት ይላኩላት፤ መዋቅሩ የሚለወጠው ከከሚሴ ስለሆነ ነገ አስተካክለዋለሁ።»

«ነገ አንተ አገርህ ትገባለህ፤ የሚጠየቀው ሰይድ ነው። አንተው አይደለህ እንዴ ከማሽኑ ውጪ እንዳታወጣ ያልከኝ?»

አቶ ሰይድ ክትባቱን በረዶ ባለው ሳጥን አሸጉ። ሳጥኑን በከሚሴ ስም አውጥተው በሚኒባስ ላኩት። እኔና ዘሀራ አስፋልት ዳር ቆመን ጠበቅነው። አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ሹፌሩ ቆመልን፤ ሳጥኑን ግን አልሰጠንም።

«ሰይድ ከሚሴ ሳላስፈርም እንዳልከፍት አስምሎኛል። የሱን እንጀራ አልዘጋም አቦ።»

እኔም ከሳጥኑ ጋር ተሳፍሬ ሄድኩ። ከሚሴ ስንደርስ መብራት የለም። መብራት መጥቶ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ግድግዳ ላይ ያለ አምፖል እያየሁ ተቀመጥኩ። ገቢ አድርገን፣ ወጪ አድርገን፣ ተመልሰን ጨፋ ሮቢት ስንገባ ስምንት ሰዓት አልፏል። ሦስቱ ቤቶች ከብታቸውን ለቀዋል። አባባ ሁሴን ብቻ ከጉድጓድ በጀሪካን ውሃ እያመላለሱ የራሳቸውን አቆይተዋል። የእሳቸው ተከተበ።

ሥራው ሲያልቅ ወደ እኔ መጡ። «ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጠዋት ሳጥኑ በዚህ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። መኪናው ሲቆም ሳጥኑ ለምን እዚህ አልቆመም?»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። የእኔ ጥፋት ነው አልኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ እንደገና ከሚሴ

መዋቅሩን አፈረስኩት። በሰንበቴና በጨፋ ሮቢት መካከል ቀጥታ መንገድ ከፈትኩ፤ ከሚሴ ያየዋል እንጂ አይይዘውም። ዘሀራ ደረሰኝ ብላ ስትመዘግብ ዕቃው ከአቶ ሰይድ መዝገብ ላይ ይወርዳል። ደውዬ ሳስረዳቸው «ተቀበለች ብሎ ማሽኑ ይመሰክርልኛል?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ አዎ አልኩ። ለሙከራ አንድ ጠርሙስ ላኩ፤ ዘሀራ በሯ ላይ ተቀበለችው።

ቅዳሜ፣ ቤቴ

ስመለስ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ መንገዱን በሙሉ ዓይኔ አየሁት። መጋዘን የሚያያይዘው አስፋልቱና ሰዎቹ የሚተማመኑበት ልክ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አለቃዬ በስልክ የላክሁለትን አዲሱን ስዕል አይቶ «ይሄ ወደ ጎን የሚሄደው መስመር ምንድነው? የቀድሞው ያምር ነበር» አለኝ። ያምር ነበር፤ የሆነውን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

ማምሻውን ዘሀራ ደወለች። የአባባ ሁሴን ከብቶች ደህና ናቸው። ከተለቀቁት ግን አምስት ሞተዋል፤ አምስቱም የአንድ ቤት፣ ሦስቱ የሚታለቡ።

«ባለቤቱ ምን አለ?» አልኳት።

«ሳጥኑ ከእንግዲህ እዚህ ይቆማል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።»

«ይቆማል በይው» አልኳት።