በጉማሬው በር በኩል

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡00፣ ሆሳዕና

ከቤት የወጣሁት አንድ ሠንጠረዥ ልሞላ ነው። የርቀት ትምህርት መምህራችን «አንድ አጥቢ የዱር እንስሳና አንድ ዘማሪ ወፍ በዓይናችሁ አይታችሁ አነጻጽሩ» ብለዋል፤ ሁለቱንም ያላየ ድጋሚ ይሠራል። የክፍሌ ልጆች ከስልክ ገለበጡ። እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ የጀመርኩትን ትምህርት መገልበጥ አልፈልግም። ጉማሬና ድንቢጥ መረጥኩ። ሁለቱም አምደስጌ፣ ማለትም የጀርባ አጥንት ያላቸው ናቸው፤ መደብ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። በመማሪያ መጽሐፋችን ጉማሬ «ለአደጋ ተጋላጭ»፣ ድንቢጥ «የማታሳስብ» ተብለው ተመዝግበዋል። የቀረኝ «የታየበት ቀን» የሚለው ዓምድ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ በሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነን ተጣበቅን፤ እስከ ቦኖሻ ማንም አላናገረኝም።

4፡30፣ ቦዮ ሐይቅ

ቦኖሻ ቆጮ በዳጣ ቀምሼ በሞተር ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ማሽላ መሀል፣ ማማ ላይ የቆሙ ሽማግሌ በወንጭፍ ድንቢጥ ያባርራሉ። ጋሽ ከድር ይባላሉ።

«አስተማሪ ነሽ?»

«ተማሪ ነኝ፣ አባባ።»

«በዚህ ዕድሜሽ!» ሳቁብኝ።

ድንቢጥ እንደማታሳስብ ነገርኳቸው።

«ማንን ነው የማታሳስበው? ያንን የጻፈው ሰውዬ ይምጣና ማሽላዬን ይጠብቅልኝ!»

ጉማሬስ ስላቸው ወንጭፉን አስቀመጡ።

«በዚህ በኩል አንድ ብቻ ነበር የሚመጣው። ስንቴ ረገምኩት! ከክረምት ወዲህ ግን የለም።»

ወርደው የእሾህ አጥራቸውን አሳዩኝ። ጉማሬ በለመደው መንገድ ላይ አይታጠርም፤ ቢታጠርም ጥሶት ያልፋል። ስለዚህ በር የሚያህል ክፍተት ይተዉለታል። የዘንድሮው አጥር አዲስ ነው፤ ክፍተቱ ግን እዚያው አለ። ጭቃው ላይ ያየሁት የከብት ኮቴ ብቻ ነው።

«ካልመጣ ለምን አይዘጉትም?»

«ቢመጣስ? በየት ይግባ?»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃው ዳር ተቀመጥኩ። ምንም ብቅ አላለም። ስሰናበታቸው ጋሽ ከድር ስልካቸውን አወጡ፤ «ቁጥርሽን ስጪኝ፤ ከመጣ እደውላለሁ» አሉኝ። ቁጥሬን የጠየቀኝ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ።

12፡30፣ ሆሳዕና

ጠዋት ሻይ የጠጣሁበት ብርጭቆ ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። አንዷ የክፍሌ ልጅ «አየሁ ብለሽ ጻፊ፣ ማን ያውቅብሻል?» ብላ ልካልኛለች። «ተጋላጭ» መጽሐፉ ላይ አንድ ቃል ነው፤ ቦዮ ዳር ግን የረገመው ሰው ሳይቀር የሚጠብቀው ባዶ በር ነው። በድንቢጥ ፊት የዛሬን ቀን ጻፍኩ። በጉማሬ ፊት «አልታየም» አልኩ። ድጋሚ መሥራቴ ነው።

ከዚያ የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ ከሠንጠረዡ አጠገብ አስቀመጥኩት።