ቀይ ገመድ ለቀይ ቀዳዳ አይደለም

ያን ዕለት ጠዋት ለሰፌድ የሚሆን አለላ እየነከርኩ ነበር። ወንድምሽ ከውስጥ ጠራኝ። ከባጃጅ ወድቆ ወጌሻው ቀኝ እጁን በቀርከሃ አስሮለታል፤ ግራውም አብጦ አይጨብጥም።

"አኮ፣ ዛሬ እጅ ይሁኑኝ" አለኝ፤ አያቱን በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ።

ያ ሲንተሳይዘር የሚለው ሳጥን ፊቱ ሙሉ ቀዳዳ ነው። ገመድ ካልሰኩበት ትንፍሽ አይልም። ለቲያትር የዝናብና የነጎድጓድ ድምፅ ሊሠራበት ነው። ያዘዘው የቲያትር ሰውዬ ድምፁን ሊሰማ እኩለ ቀን ላይ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ካልደረሰለት ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። ዝናብ የፈለገ ሰው ክረምትን አይጠብቅም ወይ? ብቻ ገባሁ።

"ከቀዩ ይጀምሩ" አለኝ።

ቀይ ገመድ አንስቼ ቀዩ ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ሌላውን ጫፍ ሌላ ቀይ ቀዳዳ ፈልጌ ከተትኩት። ስፌት ላይ ቀይ በቀይ ነው የሚሄደው፤ ይሄን ማን ያስተምረኛል? ሳጥኑ ጭጭ።

"አኮ፣ ገመዱን አይዩት፤ ቀለሙ ምንም ማለት አይደለም። ቀዳዳውን ይዩ። ቀዩ አፍ ነው፣ ድምፅ ይወጣበታል። ጥቁሩ ጆሮ ነው። እርስዎ አፍን ካፍ ነው ያገናኙት።"

"ታዲያ ገመዱን ለምን ቀለም ቀቡት?"

"እንዲያምር።"

እንዲያምር! ነቅዬ ጥቁሩ ላይ ሰካሁት። እሺ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሹሹ አለ።

"አሁን ሰማያዊው። እሱ ድምፅ የለውም፣ ትእዛዝ ነው። ድምፁን ከፍ በል፣ ዝቅ በል ይለዋል።"

ከሰማያዊው ቀዳዳ ሌላ ገመድ አውጥቼ ወደ ሌላ ጥቁር ጆሮ ወሰድኩት። ጠቅ አለና ቀረ።

"ኧረ አኮ! ትእዛዝ ተቀባዩም ሰማያዊ ነው።"

"ቀይ ከቀይ አይሆንም ብለህ ተቆጥተኸኝ፣ አሁን ሰማያዊ ከሰማያዊ?"

"የሠራው ሰው እንደዚያ ነው የቀባው።"

"የሠራው ሰው አያት የለውም እንዴ?"

ሳቁን ዋጠ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ወገቤ ተቆርጧል፣ አለላዬ ውሃው ውስጥ እየበሰበሰ ነው። እየተነጫነጭኩ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ሰካሁት። ያኔ ሳጥኑ ካንጀቱ አጉረመረመ፤ ብርጭቆው ሁሉ ተንቀጫቀጨ።

ሰውየው መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ ድገመው አለ፣ ከዚያ "ይሄንን እወስደዋለሁ" አለ። ወንድምሽ እጁ ባይታሰር ኖሮ ይዘል ነበር።

ሰውየውን ሸኝቼ ስመለስ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ እንኳ አላለችኝም።

"ነጎድጓድ ሰምቼ ያሰጣሁትን በርበሬ እያለከለክሁ አስገባሁ። ቀና ብል ደመና የሚባል የለም። ነይ አብረሽኝ አውጪ።"